አባቴ መርከብ ያዞሩበት ጧት

እኔ ዕቃ የማይጠፋብኝ ሴት ነኝ። ይህን ለጉራ አልተናገርሁም፤ እንጀራዬ ነው። እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ሥራዬም የመጣው ዕቃ ሁሉ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። መተላለፊያው፣ መደርደሪያው፣ ከፍታው፤ ሦስቱን ከነገራችሁኝ ዐይኔን ጨፍኜ ሄጄ አመጣላችኋለሁ። አድራሻ የሌለው ካርቶን ወለል ላይ ካየሁ ቀኔ ተበላሸ ማለት ነው። ባለቤቴ አሸናፊ "አንቺ እኮ እኔንም ቁጥር ለጥፈሽ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጪኝ ደስ ይልሽ ነበር" እያለ ይቀልድብኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ወላጅ አባቷን መርከብ ላይ እንዴት እንዳጣች ነው የማጫውታችሁ።

አባቴ አባ ታከለ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ሁለቱ ቂርያት ማላኺ ውስጥ ባንዲት አሮጌ ቤት ይኖሩ ነበር። እሷ ስትሞት ወደ እኔ፣ ወደ ያቭነ አመጣኋቸው። በደንብ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያደግሁት በፕኒሚያ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወታደር ቤት፣ ከዚያ ትዳር። የእኔ አባት የበዓል ቀን አባት ነበሩ፤ ነጭ ለብሰው፣ ተቀምጠው፣ ሰው ሲስማቸው። በአዘቦት ቀን እንዴት እንደሚውሉ የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷም ይዛው ሄደች።

ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ሰጠናቸው። ከዓመት በኋላ ልጄ ሺራ የባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዋ ደረሰና ጸጥ ያለ ክፍል ፈለገች፤ አባቴን በመንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል አዛወርናቸው። ምን አሉ? "ቤሰደር" አሉ። 'እሺ፣ ደኅና ነው' ማለት ናት፤ ከዕብራይስጥ ከሚያውቋቸው ጥቂት ቃላት አንዷ ስትሆን ለሁሉም ነገር ትበቃቸዋለች።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጧት ጧት ይጠፉ ጀመር። እኔ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሥራ መኪና ወጥቻለሁ። አሸናፊ ሲነሣ አልጋቸው ባዶ ነው። ፈልጎ የሚያገኛቸው አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ በካልሲ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነው። "አባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" ሲላቸው "ምንም፤ ልወርድ ነው" ይላሉ። የአራተኛ ፎቋ ጎረቤት አንድ ቀን ደውላ "አባትሽ ደጄ ላይ ቆመው ብቻቸውን ያወራሉ፤ ልጆቼ ፈሩ" አለችኝ። ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። መድኃኒታቸውን ይረሳሉ፣ ቀኑ ይምታታባቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነርሷ ቅጽ ሰጠችኝና ሞላሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ "ያሉበትን ቦታ ያውቃሉ?" ይላል። "አያውቁም" በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ወረቀቱን መልሼ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ከዚያ ነው ጌዴራ ያለውን ቤት አቮት፣ ማለት የአረጋውያን መኖሪያውን፣ ያየነው። ለአባቴ "የአገር ሰው ልንጠይቅ ነው" ብለን ወሰድናቸው፤ እውነትም እዚያ አንድ የአገራችን ሰው ነበሩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው፤ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ባዶውን ክፍል ሲያሳዩን አባቴ መሀሉ ላይ ቆሙና "ይህ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?" አሉ። ተረጎምሁላቸው። የምታስጎበኘን ሴት "ወደ መኪና ማቆሚያው" አለች። አባቴ እንደገና "ወዴት?" አሉ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አየችኝ። እኔም ፈገግ አልሁ። የመግቢያውን ወረቀት የምፈርምበት ቀን ለሌላው ሳምንት እሑድ ተቀጠረ።

ታላቅ ወንድሜ ይስማው ቂርያት ማላኺ ነው የሚኖረው፤ ፎርክሊፍት ይነዳል። በሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ልጆች ስላሉት አባቴን ልውሰዳቸው ማለት አልቻለም፤ ይግቡ ማለትም አልሆነለትም። "ቢያንስ ከመግባታቸው በፊት አንድ ቦታ እናሳያቸው" አለ። አባቴ አውሮፕላን አይሳፈሩም። "አንድ ጊዜ በሰማይ መጥቻለሁ፤ ይበቃኛል" ነው መልሳቸው። ስለዚህ ከሃይፋ ቆጵሮስ በሚመላለስ መርከብ ሦስታችን ትኬት ቈረጥን። የጌዴራውን ነገር መንገድ ላይ ልንነግራቸው አስበን ነበር። ማን ይናገር በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም።

መርከቡ መኪናም ሰውም የሚጭን፣ ዕድሜ የጠገበ ነው። ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቷል፤ አንዳንድ በር ላይ ካሁኑ ጽሑፍ ሥር የማላውቀው አገር ፊደል ይታያል። ድሮ በሌላ ባሕር ላይ፣ በሌላ ስም ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ቦታ ስገባ ካልለካሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። አባቴንና ይስማውን መኝታ ክፍላችን አስቀምጬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድሁበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪኖቹ ከታች ናቸው፤ ከኋላ ባለው ትልቅ የብረት መዝጊያ ይገባሉ። ከእነሱ በላይ የመኝታ ክፍሎቹ ወለል አለ። እዚያ ሁለት ረጃጅም መተላለፊያዎች በግራና በቀኝ ይሄዳሉ፤ ምንጣፋቸውም በራቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ በየትኛው ላይ እንዳላችሁ የምታውቁት በቁጥሩ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጎዶሎ ቁጥር፣ በሌላው ሙሉ። ከዚያ በላይ ሰው የሚውልበት ወለል ነው። ከኋላ ስንነሣ መጀመሪያ ነፋስ የሚመታው ክፍት ሰገነት አለ፤ የእንጨት አግዳሚ ወንበሮችና የብረት አጥር ያለው። ከሰገነቱ በመስታወት በር ሲገባ ምግብ ቤቱ ይገኛል፤ ጠረጴዛዎቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል። መሀል ላይ እንግዳ መቀበያው፣ አንዲት ትንሽ ሱቅና ትልቁ ደረጃ አሉ። ከዚያ ወደ ፊት የወንበሮች አዳራሽ ነው፤ አልጋ ያልያዘ ሰው እዚያ ተጋድሞ ያድራል። አዳራሹ ሲያልቅ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት በር ገጠመኝ፤ ተቈልፏል፤ "መግቢያ የለም" የሚል ተለጥፎበታል። የመቀበያውን ሠራተኛ ጠየቅሁት። "እዚያ ምንም የለም፤ ድሮ ሳሎን ነበር፤ አሁን የወንበር መጣያ ነው" አለኝ። በእኔ ሒሳብ መርከቡ እዚያ በር ላይ አለቀ።

ስንሄድ፣ በማግሥቱ ጧት አባቴ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። ደነገጥሁ፤ ግን ወዲያው አገኘኋቸው። የኋላው ሰገነት ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያደርጉ ነበር። አዲስ የወጣችው ፀሐይ ፊታቸው ላይ አርፋለች። መርከቡ ውኃው ላይ እየተወው የሚሄደው ነጭ መንገድ ከፊታቸው ተዘርግቷል።

"አባ፣ ምን ያያሉ?"

"ወደ አገር" አሉኝ።

ናፍቆት ነው ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ለቁርስ ወሰድኋቸው። ወሬው በዚህ አለቀ።

ቆጵሮስ ሁለት ቀን ቆየን። አባቴ ባሕሩን አዩ፣ ብርቱካን በሉ፣ ድመቶቹን ተቈጡ። የጌዴራውን ነገር አልነገርናቸውም። ቀን ሲያልፍ "ነገ" እንባባላለን። የመመለሻው መርከብ ያው አሮጌው ነበር፤ መኝታ ክፍላችን ብቻ በሌላኛው መተላለፊያ ሆነ። ከእራት በኋላ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋደም አሉ። እኔና ይስማው በሹክሹክታ ጀመርን።

"አንቺ ንገሪያቸው፤ ካንቺ ቤት ነው የሚወጡት" አለኝ።

"አንተ በኩር ነህ።"

"እና አፌን ሞልቼ ምን ልበል? 'አባ፣ ማኮም አጣንልዎት' ልበላቸው?"

"የቦታ ጉዳይ አይደለም! የት እንዳሉ አያውቁም፣ ይስማው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወጡና መኪና ይገጫቸዋል። ያን ጊዜ አንተ ነህ የምትመልስልኝ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ተኝተዋል" አልሁት።

ፀሐይ ከወጣች ጥቂት ቆይቶ ነቃሁ። ሃይፋ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይቀረናል። የአባቴ አልጋ ተነጥፏል፤ እሳቸው የሉም።

"ይስማው! አባ የሉም።"

"ከኋላ ናቸዋ፤ እንደ ባለፈው" አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። "ያላ፣ ሄደሽ አምጫቸው። እኔ ሻይ ልግዛ።"

ሳልሮጥ ወጣሁ። በምግብ ቤቱ አልፌ የመስታወቱን በር ከፈትሁት። ሰገነቱ ላይ ሰው የለም። አግዳሚዎቹ በጤዛ ርሰዋል። አጥሩ ሥር ግን የአባቴ ጥቁር ጫማዎች ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ባሕሩ ዞሮ ተቀምጠዋል።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ይጮኻል ይባላል። እኔ አጥሩን ለካሁት። ደረቴ ድረስ ነው። አባቴ ከእኔ አጠር ይላሉ። ስለዚህ አዳልጧቸው አይወድቁም፤ ካልወጡበት በቀር። "ካልወጡበት በቀር" የሚለው ሐሳብ ከመጣ በኋላ የማታው ጭቅጭቃችን ቃል በቃል ተመለሰልኝ። ጫማዎቹን አንሥቼ ታቀፍኋቸው። ውስጣቸው ቀዝቅዟል። ከወለቁ ቆይተዋል ማለት ነው።

ይስማው ሁለት ሻይ ይዞ ሲመጣ ጫማዎቹን አየ። አንዱ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። "በሕይወት አሉን እንዴ?" አለ።

የመንገደኞች ኀላፊው ሸበቶ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ተነጋገርን፤ የእኔ እንግሊዝኛ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፣ ያን ጧት ግን በቃኝ። ሠራተኞቹን በየወለሉ በተናቸው። መጸዳጃ ቤቶቹን፣ ሁለቱን መተላለፊያዎች፣ የመኪናውን ወለል ሳይቀር አዩ። በድምፅ ማጉያው የአባቴን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ። እኔ ግን አባቴ በፓስፖርታቸው ላይ ባለው ስም ተጠርተው አቤት እንደማይሉ አውቃለሁ፤ ማይክሮፎኑን ስጡኝ ብዬ ተቀበልኋቸው።

"አባ" አልሁ፤ ድምፄ ከጣሪያው ሁሉ ሲመጣ የሌላ ሰው መሰለኝ። "አባ፣ እኔ ነኝ፣ አለምነሽ። የትም ቢሆኑ ለሚያዩት ሰው እጅዎን ያንሡ። ማንም ምንም አይልዎትም። እባክዎን፣ አባ።"

በወንበሮቹ አዳራሽ ውስጥ የተኙት ሁሉ ነቅተው ያዩኝ ጀመር። መልስ ግን የለም።

ኀላፊው ወረቀት አውጥቶ ጠየቀኝ። ዕድሜ? ልብስ? መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው? ከዚያ "አእምሯቸው ደኅና ነው? ያሉበትን ቦታ ያውቃሉ?" አለኝ።

"አያውቁም" አልሁት። ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ይስማው ዘወር ብሎ አየኝ።

ኀላፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ካፒቴኑ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። "መርከቡን አዙረን የመጣንበትን መንገድ እየፈለግን እንመለሳለን። ለባሕር ጠባቂዎችም አስታውቀናል" አለ። ትርጉሙን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። መርከቡ ሲያዘነብል በእግሬ ተሰማኝ። መቀበያው ላይ የነበረ ብዕር ተንከባልሎ ወደቀ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ መኪና ይዞ በዝግታ ወደ ግራ ይዞር ጀመር።

ይስማው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ መቆም ብቻ ነው የቻልሁት፤ የቆምሁትም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የመርከቡ ንድፍ ፊት ነበር። አደጋ ሲመጣ በየት እንደሚወጣ የሚያሳየው ነው። ቀይ ነጥብ አለችው፤ "እዚህ ነዎት" ትላለች። ዐይኔ በልማድ ማንበብ ጀመረ። ሰገነት፣ ምግብ ቤት፣ መቀበያ፣ አዳራሽ። ንድፉ ግን የድሮ ነው፤ እኔ አለቀ ባልሁት ቦታ ላይ አላለቀም። ከበሩ ወዲያ ሰፊ ክፍል ተስሏል፤ በሦስት ወገን መስኮት፣ ፊቱ ወደ መርከቡ አፍንጫ።

"ይስማው፣ ስንሄድ አባን ከኋላ ሳገኛቸው 'ወደ አገር' ነበር ያሉኝ።"

"እና?"

"ያን ጊዜ አገር በየት ነበር?"

"ከኋላችን ነዋ። ከዚያ አይደል የወጣነው።"

"አሁንስ?"

ይስማው ቀና ብሎ አየኝ። "ከፊት" አለ፤ ተነሣም።

የአባቴን ጫማ እንደታቀፍሁ በአዳራሹ ውስጥ ሮጥሁ፤ የሰው እግርም ረግጫለሁ። ኀላፊው እየተከተለ "ተቈልፏል፣ እዚያ ሰው አይገባም" ይለኛል። በሩን በጫማው ደበደብሁት። "ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?" አልሁት። "ጧት የምታጸዳዋ ሴት ናት የምትከፍተው፤ ሥራዋን ጨርሳ ተኝታለች" አለና ከራሱ ኪስ ቁልፍ አወጣ።

የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ መጣብን። ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል። ከፊትና ከግራ ቀኝ መስኮት ብቻ ነው፤ መስታወቱ በጨው ደብዝዟል። ከጣሪያው የድምፅ ማጉያው ገመድ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። አባቴ በክፍሉ መሀል፣ በካልሲ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

ፊታቸው ግን ወደ ፊተኛው መስኮት አልነበረም። ወደ ቀኝ ነበር። እያየናቸው አንድ እግራቸውን ፈቀቅ አደረጉ፤ ሌላውን አስከተሉ። ጥቂት ቆይተው እንደገና። መርከቡ ወደ ግራ በዞረ መጠን እሳቸው ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ከንፈራቸው አላቋረጠም። ግዕዝ ነበር፤ በልጅነታቸው ከቄሶቹ አፍ የያዙት።

"እየጸለዩ ነው" አለ ይስማው።

ልሄድባቸው ስል፣ ሳያዩን መዳፋቸውን አነሡ፤ ቆዩ ማለታቸው ነው። ቆምን። ኀላፊው ባርኔጣውን አወለቀና በእጅ ሬዲዮው በሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገረ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። አባቴ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወድቀው እየተነሡ ሰገዱ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን።

"ምነው ይህ መርከብ የሚዞረው?" አሉ። "መንገዱ ጠፋው?"

ይስማው ይሳቅ ያልቅስ አልለየለትም። ኀላፊው ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ነገርሁት። አልሳቀም። "አዎ፣ ጠፍቶን ነበር በያቸው" አለና መንገዳችን እንዲቀና ለማስነገር ወጣ።

"ጫማዎን ለምን እዚያ ተዉት? ገደሉን እኮ!" አልኋቸው፤ ጮኼ ነው የተናገርሁት።

"እንደዚያን ቀኑ ከኋላ ሄጄ፣ አውልቄ ቆምሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ጀምሬ ሳለሁ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ወጣች። ከጀርባዬ! እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ለካስ እየተመለስን ኖሯል፤ ኢየሩሳሌም በዚህ በኩል ሆናለች። ከጀመርሁ ወዲያ ጫማ አላደርግም ብዬ በካልሲዬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። አንዲት ሴት ከዚህ ወንበር ታወጣ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ ገባሁ።"

"ቈልፋብዎት ሄደች እኮ።"

"እንዴ? አልሰማሁም።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን የያዘልኝ። በቤታችን በጓሮ በኩል ያለው ክፍል፤ የመንገዱ ክፍል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው መስኮት።

"አባ፣ ያቭነ ደረጃው ላይ የሚወጡት..."

"ያንቺ ቤት ምሥራቅ የለውም፣ አለሜ" አሉኝ፤ አንድ የታወቀ ነገር እንደሚነግሩኝ ሁሉ። "ልጅቱ ከምትተኛበት በቀር። ከአራተኛው ፎቅ በታች ያሉት ደረጃዎችም መስኮት የላቸውም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጅ ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነው የምጸልየው? ደረጃው ጥሩ ነበር። ጎረቤትሽ ብቻ አልወደደችውም።" ጫማቸውን ከእጄ ተቀበሉኝ። "የጌዴራውም ቢሆን እገባለሁ። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ብቻ አጣርተሽ ንገሪኝ። ማታ ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። በእኔ የተነሣ አትጣሉ።"

አፈርሁ። ሌላ የሚያምር ቃል ልፈልግለት እችል ነበር፣ ግን ያ ነው የተሰማኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የጫማቸውን ማሰሪያ አሰርሁላቸው፤ ቀና ብዬ ለማየት ስላልደፈርሁ ቀስ ብዬ ነው ያሰርሁት። ይስማው በመስኮቱ በኩል ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። ሃይፋ እስክንደርስ ሦስታችንም ከዚያ ክፍል አልወጣንም፤ ኀላፊው ራሱ ሻይ አመጣልን።

ቤት ስንገባ ነገሩን ለሺራ ነገርኋት። ስልኳን አስቀመጠች። "ኢማ፣ ለምንድን ነው ማንም ያልነገረኝ?" አለች። ያን ዕለት ማታውኑ ፍራሿን እየጎተተች ወደ መንገዱ ክፍል ገባች። "ቤሰደር፣ ጫጫታው አይገደኝም፤ ኦዝኒዮት አደርጋለሁ" አለች፤ የጆሮ ማዳመጫዋን ማለቷ ነው። እሑድ ጌዴራ ሄጄ ክፍሉን እንደማንወስደው ነገርኋቸው። የምታስጎበኘው ሴት ቅር አላላትም፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል። ልወጣ ስል "ለመሆኑ ያ መስኮት ወዴት ነው?" አልኋት። አሰበች። እንደማታውቀው ነገረችኝ። እኔም ቆሜ ሞከርሁ፤ አላወቅሁትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ ደረጃ ላይ አልወጡም። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። መድኃኒታቸውን አሁንም ይረሳሉ፤ አንድ ቀንም በእናቴ ስም ጠርተውኛል። የጌዴራው ቤት አንድ ቀን ሊያስፈልገን ይችል ይሆናል፤ ቤቱንም ሰዎቹንም አልነቅፍም። እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤታችሁ ውስጥ አረጋዊ ካለ፣ ጧት ጧት የሚጠፋባችሁ፣ በማይገባ ቦታ ቆሞ የምታገኙት፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጧት ሥራ ቀርታችሁ ተከተሉት። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ መርከብ ሙሉ ሰው ማዞር አስፈልጎኛል።

ከወር በኋላ ሐኪም ቤቱ ለድጋሚ ምርመራ ጠራን። ያችው ነርስ ናት። እሷ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

አባቴ አላወቁትም።

"ወሩስ?"

እሳቸው የነገሩን የአገራችንን ወር ነው። እሷ ሌላ ነበር የምትጠብቀው።

"አሁን ያለነው የት ነው?"

አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ የዛፉ ጥላ በየት በኩል እንደወደቀ አዩ። ተመልሰውም ተቀመጡ።

"ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ" አሉ።

ተረጎምሁላት። ነርሷ ብዕሯን ቅጹ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀና ብላ አየችኝ።

"ይኼን ምን ብዬ ልጻፈው?"

"ያውቃሉ ብለሽ ጻፊ" አልኋት።